የሰላሳ ሰባት ሰው ወንድም

ይድረስ ለእህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ብርድ ሲሆን የሚቆረጥምሽ ያ ግራ ትከሻሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ክኒኑን በባዶ ሆድ መዋጥ ትተሻል ወይስ አሁንም በእልህሽ እንዳለሽ ነሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከመኪናዋ ፍሬን ቀድሞ አልቋል። እማዬም ደህና ናት፤ ዓይኗ ደከም አለ እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ሳልመጣ ስቀር ምን አልሽ? ሞተ ብለሽ ነበር ወይስ ጡረታ ወጣ? አልሞትኩም፤ ጡረታዬም ገና ስምንት ወር ይቀረዋል። ደግሞ «ይድረስ ለእህቴ» የሚለውን ስታነቢ ደንግጠሽ ግራ ቀኝሽን እንደምታዪ አውቃለሁ። ግድ የለሽም፣ ቀጥዪ። አስራ ዘጠኝ ዓመት አፌ ያልደፈረውን ለእጄ ሰጥቼው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደምትዪኝም አላጣሁትም።

የምጽፍልሽ ከሾፌሮች ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር አለን፤ ከአራቱ አንዱ ሦስት እግር ነው ያለው፤ የሚሰጠውም ለአዲስ ገቢ ነው። ጓደኞቼ ካርታ እየተጫወቱ አንገታቸውን እያሰገጉ ያዩኛል። አንዱ ኑዛዜ ነው ወይ የምትጽፈው ሲለኝ ቢጤው ነው አልኩት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩት።

የቀረሁበት ምክንያት ደግ ነው። ሆስፒታላችን የአእምሮ ሕሙማን ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል ከፈተ። ከጀርባ ያለውን አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ቤት ታስታውሺው እንደሆነ እንጃ፤ በልጅነታችን እንፋሎቱን ለማየት አጥር የምንንጠለጠልበት ማለቴ ነው። እሱን አድሰው አስራ ስድስት አልጋ አስገቡበት፤ ስምንት ለሴት፣ ስምንት ለወንድ። መስኮቶቹን ዝቅ አደረጓቸው፤ የተኛም ሰው ግቢውን እንዲያይ። አንድ ሐኪምና አራት ነርሶች አሉት። ከዚህ እስከ እናንተ ሆስፒታል ድረስ ባለው አገር ሁሉ ከዚህ በፊት አንድም እንዲህ ያለ አልጋ አልነበረም። የታመመ ሁሉ በእኔ አምቡላንስ ከንጋት እስከ ማታ እየተንገጫገጨ ወደ እናንተ ይመጣ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ «ሲስተር ቁልፍ» ትባላለች። ስሙን ያወጣንላት እኛ ሾፌሮች ነን፤ ቁልፍ ስለምትወድ ሳይሆን ስለምትጠላ። በመጣች በሳምንቷ ከየበሩ ላይ ጓጉንቸሩን ሁሉ አስነቅላ በባልዲ ከጠረጴዛዋ ሥር አስቀመጠችው። ቁመቷ ከመኪናዬ ጎማ ብዙም አይበልጥም፤ ድምጿ ግን እስከ ዋናው በር ይሰማል።

ክፍሉ ግን በዋዛ አልተከፈተም። የሰፈሩ ሰው የእብድ ቤት በደጃችን አይሠራም ብሎ ተነሣ። ስብሰባ ተጠራ። ባለወፍጮው ሽማግሌ ቆመው ልጆቻችን በዚህ በኩል ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ አንድ ነገር ቢደርስባቸው ማን ይጠየቃል አሉ። አዳራሹ በሙሉ እውነት ነው፣ እውነት ነው አለ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ሐኪሙን ለመመለስ ነው የመጣሁት እንጂ ለንግግር አልነበረም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እጄን አወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ይህችን መኪና ስነዳ ያመላለስኳቸውን ሰዎች ከባዕድ አገር አላመጣኋቸውም፣ የጫንኳቸው ከየደጃችሁ ነው አልኩ። ስም አልጠራም፤ ግን መኪናዬ ደጁ ቆማ የማታውቅ ሰው ካለ እሱ ቀድሞ ይናገር አልኩ።

ባለወፍጮው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ታናሽ ወንድማቸውን ሁለት ጊዜ አድርሼላቸዋለሁ። ከኋላ አንዲት አሮጊት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ለእኔም አጨበጨቡልኝ። ፊቴ ነደደ፣ እህቴ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሁሉም አብልጦ የደበቀ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ያጨበጨቡት ለእኔ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የገባችው የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ናት። በእግሯ ነው የመጣችው። እናቷ ክንዷን ይዛ፣ በሌላ እጇ ነጠላ ጫማና ፎጣ ያለበት ላስቲክ አንጠልጥላ፣ ከቤታቸው እስከ ክፍሉ አስራ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅባቸው ነው። እናትየው አስገብታት ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ስምንት ሰዓት ላይ የታጠበ ልብስ ይዛ ተመለሰች። አመሻሽ ላይ ደግሞ እህቶቿ መጡ። እኔ መኪናዬን ተደግፌ፣ ቁልፌን በእጄ እያሽከረከርኩ፣ ሥራ ፈት ሆኜ አይ ነበር። አለቀስኩ። ሌላ ሰው ቢያየኝ ለእሷ ደስ ብሎት ነው ይል ይሆናል፤ እኔ ግን ያለቀስኩት ለአንቺ ነው።

መንገዱ ግን ናፈቀኝ፤ ምን ልበልሽ። ቤተሰብ በሽተኛውን እጁን በገመድ አስሮ፣ አንዳንዴም በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይሰጠኝ ነበር። አስታማሚ ካለም እንዳትፈታው ብሎ ያስምለኛል። ድልድዩን እስክንሻገር እሺ እላለሁ። ከድልድዩ ማዶ ያለውን ትልቅ ዛፍ ታውቂዋለሽ፤ እዚያ ጥላ ሥር አቆምና ገመዱን ፈትቼ ውሃ እሰጣለሁ። ከዚህ ወዲያ የሚያውቀን የለም፣ እንደ ሰው እንሂድ እላቸዋለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ብቻ ነው የሮጠብኝ፤ እሱም ደክሞት በራሱ ተመለሰ። አንዲት ሴትዮ ሙሉ መንገዱን ዘፈነችልኝ። አንድ መምህር ደግሞ እስክንደርስ ድረስ ስለ አነዳዴ ሲገሥጹኝ ዋሉ፤ ክላቹን እንደማቃጥል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ልክ ነበሩ።

የእናንተ መዝገብ ቤት ሰውዬ፣ ባለወፍራም መነጽሩ፣ ምን እያለ ይቀልድብኝ እንደነበር ሰምተሻል። ቤተሰብ ካልፈረመ በሽተኛ አይገባም የሚል ሕግ ከወጣ በኋላ፣ አስታማሚ አጥቶ ብቻውን የተጫነውን ሁሉ እኔ ነኝ የፈረምኩለት። «ዝምድና» በሚለው መስመር ላይ «ወንድም» እያልኩ። አንዴ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ፣ አንዴ የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ሁሉም ወንድሜ፣ ሁሉም እህቴ። ሰውዬው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አባትህ ግን ምን ይበሉ ነበር ይለኛል። እኔም ሰዓት ሠሪ ስለነበር ጊዜ አላጣም እለዋለሁ። ባለፈው ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው፤ ሰላሳ ሰባት ናቸው። የሰላሳ ሰባት ሰው ወንድም ነኝ። ከሰላሳ ሰባቱ ውስጥ አንቺ የለሽበትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ የጠራው ባለፈው ወር በሲስተር ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ነው። የእናንተ ሆስፒታል የዚህን አካባቢ ሕሙማን መዝገብ በሁለት ካርቶን አሽጎ ልኮላት ስታገላብጥ ሰነበተች። አንድ ቀን አስጠራችኝና በሩን ገርበብ አድርጋ አንድ ያረጀ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ድምፅህን አውጥተህ አንብበው አለችኝ። ያንቺ ስም እስከ አያት ተጽፏል። ከሥሩ ያመጣሽ ሰው ስም እስከ አያት ተጽፏል። የአባት ስም ያው ነው። የአያት ስም ያው ነው። «ዝምድና» ከሚለው ፊት ለፊት በእኔው እጅ ጽሕፈት «ሾፌር» ይላል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ተመሳሳይ ስሞች አንድ ገጽ ላይ ተቀምጠው አንድም ሰው አላያቸውም።

በአጋጣሚ ነው ወይ አለችኝ፤ ያ ድምጿ ወርዶ ወርዶ። አዎ ማለት አማረኝ። አይደለም፣ እህቴ ናት አልኳት። አልተቆጣችኝም፤ ከጆጓ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን አንቺም ታስታውሺዋለሽ፤ ቢሆንም እኔ እንዴት እንደማስታውሰው ልንገርሽ። አንቺን አላሰርኩሽም። ከፊት ከጎኔ ነበር የተቀመጥሽው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይንሽ አልዞረም፤ ከንፈርሽ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሬዲዮው ጋር ትከራከሪያለሽ። በመሐል በመሐል ግን ራስሽን ትሆኚና እንደ ልጅነታችን ትጠይቂኛለሽ። ድልድዩን ማን ሠራው? ዛፉን ማን ተከለው? ሰፈሩ በሙሉ «ጥያቄ» ብሎ የሚጠራሽ በከንቱ አልነበረም። አባዬ ሬዲዮ ከፍቶ ሲጠግን አጠገቡ ተንበርክከሽ የሚያወራው ሰውዬ የት ነው የሚተኛው ብለሽ ትጠይቂው ነበር። እሱም ሥራውን ትቶ ጠመዝማዛውን ሽቦ እያሳየ አልጋው ይኸውና ይልሽ ነበር። በአባዬ ብስክሌት አግዳሚ ላይ አስቀምጬሽ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሁለታችን የምንጮኸው ጩኸት አሁንም ሥራ ስፈታ በጆሮዬ ይመጣብኛል። ፍሬን አልነበረውም እኮ! ፍሬን እንደሌለው ታውቂ ነበር፤ እያወቅሽ ነው የምትወጪው።

ሠርጌ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ለሰፈሩም ለእጮኛዬም ሩቅ ዘመድ ጋ ሄደች ብለን ነበር። የእጮኛዬ አክስት ፖስታ ቤት ትሠራ ነበር። ወንድም ብዬ ብጽፍ የሆስፒታሉ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በስሜ ይመጣል፣ በእጇ ያልፋል፣ በዘራቸው አለ ይባላል፣ ሠርጉ ይፈርሳል። ይኼን ሁሉ ያሰብኩት እስክሪብቶውን ይዤ መስመሩ ላይ በቆምኩበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት በልቤም አልነበረም። አባዬም እማዬም እንዲህ አድርግ አላሉኝም። እኔ ነኝ። አንቺ ከጎኔ ቆመሽ እጄን ታዪ ነበር። ነርሷ ከማን ጋር መጣሽ ስትልሽ ቀና ብለሽ አየሽኝና «ከሾፌሩ ጋር» አልሻት።

ያን ጊዜ በሽታው ነው ያናገራት ብዬ ራሴን አታለልኩ። በወሩ ሌላ ሰው ይዤ ስመጣ ግን ተኝተሽ፣ ጠግበሽ፣ ጸጉርሽን ተሠርተሽ ግቢው ውስጥ አገኘሁሽ። ነርሶቹ አጠገብሽ ነበሩ። አንቺ ደግሞ ጤነኛ ነበርሽ፤ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነበርሽ። «ሾፌር፣ መንገዱ እንዴት ነበር?» አልሽኝ። ዓይኖችሽ ግን ሌላ ነገር ይሉኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን እንደጣልኩ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ግን ለማንሣት ማጎንበስ ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ አላጎነበስኩም።

ከዚያ በኋላ ያቺ አግዳሚ ወንበር ቤታችን ሆነች። በወር አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ። ሳሙናውን ከዚህ፣ ክሩን እዚያው ከተማ እየገዛሁ፣ ከአንዲት እናት ነው ብዬ የማቀብልሽ ጥቅል፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ። ስለ ዝናብ እናወራለን፤ ስለ መንገዱ ጉድጓድ እናወራለን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛ ግን ነቅዟል። አባዬ የሞተ ጊዜ እንኳ ያደረግሁትን አስቢ። ለቅሶው ካበቃ በሰባተኛው ቀን መጥቼ በሰፈራችን አንድ ሰዓት ሠሪ ሽማግሌ አረፉ አልኩሽ፤ ነርሷ ከጎናችን ልብስ ታሰጣ ነበር። ሻይሽን አስቀመጥሽ። ከዚያ ልጆች ነበሯቸው ወይ አልሽኝ። ሁለት አልኩሽ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ልጆቻቸውን ያጽናልን ብለሽ እጄን ጨበጥሽኝ፤ እንደ ጎረቤት። እኔ ወደ መኪናዬ ገብቼ መሪውን ይዤ ስነፋረቅ ዘበኛው ሞተሩ እምቢ አለህ ወይ ብሎ ሊገፋልኝ መጣ።

ከዳንሽ ስንት ዓመት ሆነሽ። ሐኪሞቹ ራሳቸው በየዓመቱ መዝገብሽ ላይ «መውጣት ትችላለች፣ የሚቀበላት የለም» ብለው እንደጻፉ ሲስተር ቁልፍ አንብባልኛለች። ስትቆጥረው አስራ አንድ ጊዜ ነው። እኔ በየወሩ እዚያው ግቢ ሻይ እየጠጣሁ።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው፤ ደህና አድርገሽ አንብቢው። ሆስፒታላችሁ የቆዩ ሕሙማንን ማደሪያ፣ አንቺ ከምትውዪበት የስፌት ክፍል ጋር፣ ሊዘጋ ነው። ለረጅም ጊዜ የተቀመጡት ሁሉ ወደየአካባቢያቸው ይመለሳሉ። ቤተሰብ ያለው በአካል ቀርቦ ይፈርምለታል፤ እኛ ጋ መጥቶ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክላል፣ ከዚያ ቤቱ ይገባል። ቤተሰብ የሌለው ደግሞ ከእናንተም ወዲያ ሁለት ቀን ወደሚያስኬድ መጠለያ ይሄዳል። ከዚያ የተመለሰ ሰው አልሰማሁም። የስም ዝርዝሩን አይቻለሁ። ያንቺ ስም ከ«የላትም» ሥር ነው። የሚዘጋው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ደግሞ የቤተሰብ ፊርማ ብቻ አይበቃም፤ አንቺም እሺ ብለሽ መፈረም አለብሽ። ሲስተር ቁልፍ ይኼን ደጋግማ ነግራኛለች፤ እንደ ዕቃ ጭነህ እንዳታመጣት ብላ።

እኔ ለመፈረም መጀመሪያ እቤቴ መናገር ነበረብኝ። ለባለቤቴ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ እጇ እንኳ አልቆመም። ድሮ ነው ያወቅሁት አለችኝ። በየወሩ ሽታ ያለው ሳሙና ገዝቼ ስሄድ ውሽማ ይዟል ብላ ተንገብግባ ለእማዬ ነግራት ነበር። እማዬም ትዳራችን እንዳይፈርስ እውነቱን አወጣችላት፦ እህቱ እዚያ ትታከማለች፣ ለእሷ ነው የሚወስደው ብላ። እንዳታነሺበት ብላም አስምላታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ስደብቅ የኖርኩት ቤቴ ውስጥ የታወቀ ነገር ነበር። ከዚያ ባለቤቴ ሸሚዜን አጥፋ አስቀመጠችና ያኔ ብትነግረኝም አገባህ ነበር፣ አልጠየቅከኝም አለችኝ። ይኼን ስሰማ ቁጭ አልኩ። አስራ ዘጠኝ ዓመት፣ እህቴ፣ በከንቱ።

የእማዬ ግን ከባዱ ነበር። እሷ መታመምሽን ታውቃለች፣ የት እንዳለሽም ታውቃለች። የማታውቀው አንድ ነገር ነው። ያኔ ልያት፣ ውሰደኝ ስትለኝ፣ ሐኪሞቹ ቤተሰብ ካየች ይብስባታል ብለዋል አልኳት። ሐኪም እንዲህ አላለም። እሷ ከመጣች እናትነቷ ይጻፋል፣ ስማችን ይጻፋል ብዬ ነው። እሷም አመነችኝ፤ ልጇ እንዳይብስባት ስትል ጥቅሉን ብቻ እየላከች እግሯን አስራ ተቀመጠች። በየወሩ ስመለስ መንገዱ እንዴት ነበር ትለኛለች፤ ሌላ አትጠይቅም። አንቺም እንደዚያው ነበር የምትዪኝ።

በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም፤ አልረገመችኝም። ምን ስትሠራ ትውላለች አለችኝ። ስፌት አልኳት። ስፌት? ያቺ ልጅ? አለች። መርፌ ስታይ የምትሸሸው? አዝራሯን እንኳ እኔ ነበርኩ የምተክልላት አለች። እውነቷን ነው፤ እኔም ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ሌላም ሥራ፣ አትክልቱም፣ ወጥ ቤቱም፣ ቤተ መጻሕፍቱም እንዳለ ለእማዬ ስነግራት የስፌት ክፍሉ ከየት በኩል ነው አለችኝ። ከዋናው በር አጠገብ ነው፣ መስኮቱ መኪኖች ወደሚቆሙበት ያያል አልኳት። ፊቷን አዞረችብኝ። ያን ቀን ድጋሚ አላናገረችኝም። በማግሥቱ ጠዋት ጫማዋን አስጠርጋ በር ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋትና መቼ ነው የምንሄደው አለች።

እኔ ደግሞ ስፌት ትወዳለች እያልኩ አስራ ዘጠኝ ዓመት ክር አመላለስኩ። አረንጓዴው ይሻላል ሰማያዊው እያልኩ ባለሱቁን ሳደርቅ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ይቅር በይኝ። ይኼን ቃል ላለመጻፍ አስቤ ነበር፤ ቢቀለኝ ለራሴ ነው፣ ለአንቺ ምን ይፈይድልሻል ብዬ። ግን ይቅር በይኝ። ካልቻልሽም አልፈርድብሽም። ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መዋል ካስጠላሽ የእማዬ ቤት አለ፤ ከእኛ ቤት በአጥር ነው የሚለየው፤ በሩን ዘግተሽብኝ መኖር ትችያለሽ። ልጄ፣ የወንድምሽ ልጅ ማለቴ ነው፣ አክስት እንዳላት የሰማች ቀን የጠየቀችኝን ጥያቄ ብዛት ብትሰሚ! ታንኮራፋለች ወይ ሳትል አልቀረችም። የማላውቀውን ሁሉ ራሷን ትጠይቂያታለሽ አልኳት።

የምንመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። አምቡላንሷን አልይዝም፤ ፈቃድ ወስጃለሁ። በሕዝብ አውቶቡስ ነው። ሁለት ቲኬት ተቆርጧል፤ እማዬ በመስኮት በኩል ካልሆነ አልሄድም ብላለች። እኔ ያንን መንገድ ተሳፋሪ ሆኜ ሄጄበት አላውቅም፤ እጄን የት እንደማደርገው እንጃ። አንቺ አስቢበት እንጂ አትቸኩዪ። ወረቀቱን አንብቢ፤ የማይገባሽን ሐኪሙን ጠይቂ። እምቢ ብትዪም እማዬን ግን ውጪና እያት፤ እሷ ምንም አላጠፋችም።

ዘበኛው እንደ ልማዱ ሾፌር፣ ዛሬ ማንን አመጣህ ማለቱ አይቀርም። ጮክ ብዬ፣ ግቢው በሙሉ እየሰማ፣ እናታችንን እለዋለሁ።

እስከዚያው ፈጣሪ እንቅልፍሽን ይጠብቅልሽ፤ ትከሻሽን ከብርድ፣ ልብሽን ከብቸኝነት ያድንልሽ። በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው አይጥፋብሽ።

ወንድምሽ